ማሽን ወይስ እጅ? የተጠመዘዘ እንጨት ታሪክ ከጅቡቲ በረንዳ ተነሥቶ

የታሪክ ትምህርት ብዙውን ጊዜ በመጽሐፍ ይጀመራል፤ በመጽሐፍም ያልቃል። ይሁን እንጂ ታሪክ በወረቀት ላይ ብቻ የተጻፈ አይደለም። በበር፣ በመስኮት፣ በበረንዳና በደረጃ ላይም ተጽፏል። በዚህ ጽሑፍ የምናነበው እንዲህ ያለውን ታሪክ ነው። መነሻችን አንድ ክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ እንደ ገመድ የተጠመዘዘ የደረጃ መደገፊያ ዓምድ ነው።

1. አንድ ጥያቄና አንድ ስሕተት

በመምህራን ማሠልጠኛ የምናስተምር እንደ መሆናችን መጠን ከሠልጣኞቻችን ጋር በጅቡቲ ከተማ ነባር ሰፈሮች የእግር ጉዞ የማድረግ ልማድ አለን። መነሻችን ሕዝቡ እስከ ዛሬ ምኒልክ አደባባይ እያለ የሚጠራው፣ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ነጻ ከወጣች ወዲህ ግን የጁን 27 አደባባይ የተባለው ቦታ ነው። ከዚያ ቅስት በቅስት በተሠሩት በረንዳዎች ሥር እያለፍን ስለ ከተማይቱ አመሠራረት እንነጋገራለን።

በአንደኛው ጉዞ አንድ አሮጌ ቤት ሲታደስ ደረስን። የእንጨቱ ደረጃ ፈርሶ በብረት ሊተካ ነው። ሃያ ያህል የተጠመዘዙ ዓምዶች ለማገዶ እንደ ተለቀመ ጭራሮ ከበሩ አጠገብ ተከምረዋል። ከሠልጣኞቹ አንዷ አንዱን አንሥታ በእጇ እያገላበጠች፣ «ይህን የሠራው ማሽን ነው ወይስ ሰው?» ስትል ጠየቀች። እኛም ሳናመነታ፣ «ማሽን ነው፤ ከውጭ ተሠርቶ የመጣ የፋብሪካ ዕቃ ነው» ብለን መለስን። ለብዙ ዓመታት ስናስተምር የኖርነውም ይህንኑ ነበር።

ደረጃውን ሲያፈርሱ የነበሩት አናጢ ድሬዳዋ ያደጉ ሽማግሌ ነበሩና አማርኛችንን ሰምተው ፈገግ አሉ። «ልጆቼ፣ ከመናገራችሁ በፊት ጣታችሁን በቦዩ ውስጥ አስኪዱት» አሉን። አስኬድነው። ከቦዩ ወለል ላይ ጣት የሚቧጥጡ ስስ ጭረቶች ነበሩ። የመጋዝ ጥርስ የተዋቸው ናቸው። ሁለት ዓምዶችን ጎን ለጎን ብናቆማቸው ደግሞ የአንዱ ጥምዝ ከሌላው ጥምዝ ጥቂት እንደሚዛነፍ አየን። የሁለቱን ጫፎች ድቡልቡልነት ያወጣው መዞሪያ ማሽን ነው፤ ጥምዙን ግን ከዳር እስከ ዳር የሰው እጅ ቆርጦታል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በአንድ በኩል የገዛ ስሕተታችን ማረሚያ ነው። ስሕተቱም የአንድ ዓምድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሰውን ድካም ለማሽን መስጠት ሠሪውን ከታሪክ መሰረዝ ነው።

2. ዛፍ የሌለበት ከተማ እንጨቱን ከየት አመጣ?

የጅቡቲ ከተማ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ቀደም ሲል የፈረንሳዮች መቀመጫ በባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ኦቦክ ነበረች። በኋላ ግን የተሻለ ወደብ ስላላትና ወደ ሐረር ለሚሄደው የቅፍለት መንገድ ስለምትመች አስተዳደሩ ወደ ጅቡቲ ተዛወረ። ነባሮቹ ቤቶች የተሠሩት በአብዛኛው ከባሕር በተፈለጠ የዛጎል ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በአቅራቢያው ሞልቷል። እንጨቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

አገሩ በረሓ ነው። ከከተማይቱ ማዶ በጎዳ ተራሮች ላይ ያለው የዳይ ደን የሐበሻ ጥድ የሚበቅልበት ቢሆንም ትንሽና እየመነመነ ያለ ደን ነው። ለከተማ ግንባታ የሚበቃ አይደለም። በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ያሉ ከተሞች ግን ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበር። መልሱም ከባሕር ማዶ መጣ። ከህንድ ምዕራባዊ ጠረፍ የቲክ እንጨት፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ደግሞ ለጣሪያ የሚሆን የማንግሮቭ አጠና በነፋስ በሚሄዱ መርከቦች ይጫን ነበር። ከእንጨቱ ጋር ባለሙያውም ተጓዘ። የየመን ግንበኞች፣ የህንድ አናጢዎችና ነጋዴዎች በምጽዋ፣ በሱዋኪን፣ በኤደንና በጅቡቲ ሠርተዋል።

በዚህ የባሕር ጠረፍ ያለ ጌጠኛ እንጨት የተፈለገው ለውበት ብቻ እንዳልነበረ ተማሪዎች ሊረዱት ይገባል። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚወጣበት ስፍራ መስኮት ነፋስን ማስገባት፣ ፀሐይን ማስቀረትና የቤቱን ምስጢር መጠበቅ አለበት። ዓረቦች መሽረቢያ የሚሉት የእንጨት ወንፊት ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ስሙ መጠጣት ከሚለው ቃል የወጣ ነው ይባላል፤ የውሃ እንስራ እንዲቀዘቅዝ የሚቀመጥበት ቦታ ነበርና። የካይሮ መሽረቢያ በመዞሪያ ላይ ተላግተው እርስ በርሳቸው ከሚሰካኩ እጅግ ብዙ ትንንሽ ድቡልቡል እንጨቶች የተሠራ ነው።

3. የሚዞር እንጨትና የሚቆም ስለት

አማርኛችን የእንጨት ሥራን በብዙ ግሥ ይለያል። ጠረበ፣ ላገ፣ ፈለፈለ፣ ቀረጸ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ እንጨቱ ቆሞ ስለቱ ይሄዳል። እንጨቱ እየዞረ ስለቱ የሚቆምበትን መሣሪያ ግን «ቶርኖ» እንለዋለን፤ ቃሉ ከጣሊያንኛ የተወሰደ ነው። ዓረቦች መኽረጣ፣ ፈረንሳዮች ቱር ይሉታል። የቃል መንገድ ብዙ ጊዜ የዕቃን መንገድ ይጠቁማል። ለገሃር የሚለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስም ከፈረንሳይኛው የባቡር ጣቢያ ስም እንደ መጣ ሁሉ፣ ቶርኖም የመጣበትን በር ይናገራል።

መሣሪያው ራሱ ግን ከቃሉ እጅግ ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ በተሠራው በግብፃዊው ካህን በፔቶሲሪስ መቃብር ግድግዳ ላይ ሁለት ሰዎች በመዞሪያ ሲሠሩ ተቀርጸው ይታያሉ። አንዱ ገመዱን እየጎተተ እንጨቱን ያዞራል፤ ሌላው ስለቱን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ገመዱ በደጋን ላይ ታሰረና አንድ ሰው ብቻውን መሥራት ቻለ። የካይሮ ባለሙያ መሬት ላይ ተቀምጦ በአንድ እጁ ደጋኑን እየሳበ፣ በሌላው እጁና በእግሩ ጣቶች መሮውን ይይዝ ነበር። በደጋን የሚዞር እንጨት ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ ስለቱ የሚቆርጠው በአንደኛው አቅጣጫ ሲዞር ብቻ ነው። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በእግር የሚረገጥና መዘውር ያለው መዞሪያ ንድፍ ሥሏል። መዘውሩ እንጨቱን ሳያቋርጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዞረዋል።

ከዚህ በኋላ በአውሮፓ መዞሪያ የነገሥታት መዝናኛ እስከ መሆን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1701 ፈረንሳዊው መነኩሴ ሻርል ፕሉሚዬ ስለዚህ ጥበብ ትልቅ መጽሐፍ በሊዮን ከተማ አሳተመ። የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ መጽሐፉን በሩሲያኛ አስተረጎመው፤ ራሱም ከባለሙያው ከአንድሬይ ናርቶቭ ጋር በመዞሪያ ይሠራ ነበር። በ18ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ደግሞ በለንደን የሆልትሳፕፌል ድርጅት ለጌጥ ሥራ ብቻ የሚያገለግሉ መዞሪያዎችን መሸጥ ጀመረ። በእነዚህ ላይ ስለቱም ራሱ ይሽከረከራል፤ በእንጨትና በዝሆን ጥርስ ላይ የአበባና የሞገድ ቅርጽ ይወጣል። ዋጋቸው ግን ከባለጸጋ በቀር ማንም የሚደፍረው አልነበረም። የተራው አናጢ ጌጥ መሮ፣ መጋዝና ሞረድ ሆኖ ቀረ።

4. ጥምዝ

ሰው ጥምዝን የተማረው ከተፈጥሮ ሳይሆን አይቀርም። የአጋዘን ቀንድ ጥምዝ ነው፤ በጅቡቲ ባሕር ዳር የምንለቅመው ቀንድ አውጣም ጥምዝ ነው። ገመድ የሚገምድ፣ ፈትል የሚፈትል ሁሉ ጥምዝን በእጁ ያውቀዋል። በሮም የነበረው የጥንቱ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የተጠመዘዙ የእብነ በረድ ዓምዶች ነበሩት። በኋለኛው ዘመን ሕዝቡ ዓምዶቹ ከሰሎሞን ቤተ መቅደስ የመጡ ናቸው ብሎ ያምን ስለነበር እንዲህ ያለ ዓምድ የሰሎሞን ዓምድ ተባለ። በ17ኛው ምዕተ ዓመት ቤርኒኒ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከነሐስ የሠራቸው ታላላቅ ጥምዝ ዓምዶች ዝናውን ይበልጥ አስፋፉት። በዚያው ዘመን ጥምዝ ወደ ወንበርና ጠረጴዛ እግር ወረደ። በፖርቱጋል፣ በኔዘርላንድስና በእንግሊዝ ፋሽን ሆነ። ፖርቱጋሎች በያዟቸው የህንድ ከተሞችም የአገሬው አናጢዎች ሠሩት። የህንድ አናጢ በበኩሉ ከአባቱ የወረሰው የራሱ ጥርብ ነበረው። ሁለቱ ተቀላቅለው በህንድ ውቅያኖስ ጠረፍ ተጓዙ።

ጌጥ ሁሉ ከውጭ መጣ ማለታችን ግን አይደለም። ሶማሌዎች በእንጨት ማንኪያና በበርኩማ ላይ እንደ ሽሩባ የተጠላለፈ ቅርጽ በስለት ብቻ ያወጣሉ። መዞሪያ አያስፈልጋቸውም። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማም ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ይወጣል እንጂ አይገጣጠምም። የመዞሪያውን ሥራ ከእነዚህ ጋር ጎን ለጎን ስናይ የሁለት ጥበቦችን መገናኘት እንረዳለን።

5. በባቡር መንገድ ወደ ደጋው

አፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ሐዲዱ ሰውና ዕቃ ብቻ ሳይሆን ሙያም አመላልሷል። በድሬዳዋ በተቋቋመው የባቡሩ የጥገና ሥራ ቤት የብረት ቶርኖዎች ተተከሉ፤ የአገር ልጆችም በእነርሱ ላይ ሠለጠኑ።

የሕንፃው ሙያ ግን ከባቡሩም ቀድሞ በግመልና በበቅሎ መንገድ ወጥቶ ነበር። በሐረር ግንብ ውስጥ የህንድ ነጋዴዎች ያሠሯቸው የእንጨት ሰገነትና ጌጠኛ መስኮት ያላቸው ቤቶች አሉ። የራምቦ ቤት የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ገጣሚው ራምቦ የሞተው እ.ኤ.አ. በ1891 ሲሆን ቤቱ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤቱ የገጣሚውን ስም ቢሸከምም የሚመሰክረው ስለ ህንድ አናጢዎች ነው። እዚህም ላይ ሠሪው ተረስቶ የሌላ ሰው ስም ቀርቷል። በአዲስ አበባም ህንዶችና አርመኖች ከአገሬው አናጢዎች ጋር ብዙ ቤቶችን ሠርተዋል። የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤልን ቤትና የሼኽ ሆጀሌን ቤት የመሳሰሉት ነባር ቤቶች በሰፊ የእንጨት በረንዳቸው የዚያን ዘመን አሠራር ያሳያሉ።

ሆኖም በአገራችን የእጅ ባለሙያ ክብር አልነበረውም። ብረት ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ተንቀዋል፤ በቡዳነትም ታምተዋል። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። በ1934 ዓ.ም. የተግባረ እድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ሲከፈት የእጅ ሙያ በመንግሥት ትምህርት ቤት ቦታ አገኘ። ንቀቱ ግን በአዋጅም በትምህርት ቤትም ብቻ አልጠፋም። እኛ ራሳችን ያን ዓምድ አይተን «ማሽን ነው» ያልነው ምናልባት የዚሁ ንቀት ርዝራዥ ስላለብን ይሆናል። ቆንጆ ነገር ስናይ ከሰው እጅ አልጠረጠርንም።

6. በክፍል ውስጥ ስንሞክረው

ሽማግሌው አናጢ ከክምሩ አንድ ዓምድ ሰጡንና ወደ ማሠልጠኛው ወሰድነው። ሠልጣኞቹ እርሱን አስመስለው እንዲሠሩ አደረግን። ቶርኖ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ ሊሞክረው ይችላል። ቶርኖ የሌለውም የመጥረጊያ እጀታ በሚመስል ድቡልቡል እንጨት ላይ ጥምዙን ሊሠራ ይችላል፤ ጥምዙ የእጅ ሥራ ነውና። አሠራሩ የሚከተለው ነው።

ሀ) እንጨቱን ዲያሜትሩ 50 ሚሊ ሜትር እስኪሆን ማድበልበልና 400 ሚሊ ሜትር ርዝመት ለጥምዙ መለየት።
ለ) አንድ የወረቀት ጥብጣብ በእንጨቱ ዙሪያ ልክ ቆርጦ ሁለት ጊዜ ማጠፍ። እጥፋቶቹ ዙሪያውን በአራት እኩል ይከፍሉታል። በእነዚህ ነጥቦች ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አራት ቀጥ ያሉ መስመሮች ማስመር።
ሐ) በየ25 ሚሊ ሜትሩ በእንጨቱ ዙሪያ ቀለበት ማስመር። አራት ቀለበት አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 100 ሚሊ ሜትር ይሆናል።
መ) መስመርና ቀለበት ከሚገናኙበት ነጥብ ተነሥቶ በእያንዳንዱ ቀለበት ወደሚቀጥለው መስመር መሻገር። ይህ የመጀመሪያው ጥምዝ ነው። ሁለተኛውን ከተቃራኒው ጎን መጀመር።
ሠ) በጥምዙ ላይ በመጋዝ መቁረጥ። ጥልቀቱ ከዲያሜትሩ ሩብ እንዳያልፍ በመጋዙ ላይ ምልክት ማድረግ።
ረ) የተቆረጠውን በጎድጓዳ መሮና በድቡልቡል ሞረድ ማስፋት፣ ጠርዙን ማለዘብ፣ በመጨረሻም በብርጭቆ ወረቀት ማሸት።

ከጥምዝ ሌላ የእንጨቱን ገጽ ለማስጌጥ ቀላል ዘዴዎች አሉ። በመዞሪያ ላይ እያለ ዶቃና ቦይ እያፈራረቁ ማውጣት የመጀመሪያው ነው። ቀጭን ቦይ ቆርጦ እንጨቱ እየዞረ ሳለ ሽቦ ቢያስጠጉበት በሰበቃው ሙቀት ጥቁር መስመር ይቃጠላል። ሽቦው በሁለቱም ጫፍ የእንጨት እጀታ ይኑረው፤ በጣት ላይ መጠቅለል ፈጽሞ ክልክል ነው። መዞሪያውን አቁሞ በምስማር ጫፍ ነጥብ በነጥብ መምታት፣ ወይም በትንሽ ጎድጓዳ መሮ ቅርፊት በቅርፊት ማንሣት ሸካራ ገጽ ይሰጣል። እንደ ወይራ ባለ ጠንካራ እንጨት ጫፍ ላይ ደግሞ ስስና የሚወዛወዝ ስለት ቢያስጠጉ የስለቱ እርግብግብታ ራሱ የጨረር ቅርጽ ያወጣል። ዋንዛ ለስላሳ ስለሆነ ለጀማሪ ይስማማል። ነጠላ፣ ሻሽና ሰፊ እጅጌ ለብሶ ወደ መዞሪያ መቅረብ አይፈቀድም።

የሒሳብ መምህርም ከዚህ ድርሻ አለው። እንጨቱን እንደ ወረቀት ብንዘረጋው ጥምዙ ቀጥ ያለ ሰያፍ መስመር ይሆናል። ዙሪያው 157 ሚሊ ሜትር፣ የአንድ ዙር ከፍታ 100 ሚሊ ሜትር ነው። በፓይታጎራስ ሕግ የአንድ ዙር ቦይ ርዝመት 186 ሚሊ ሜትር ያህል ይወጣል። አራት ዙር በሁለት ቦይ ሲባዛ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል። ሃያ ዓምድ ያለው ደረጃ ሰላሳ ሜትር ያህል በእጅ የተቆረጠ ቦይ አለው ማለት ነው።

ይህን ቁጥር በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ ቀን ከሠልጣኞቹ መካከል አንድ ሜትር የቆረጠ አልነበረም፤ ሁሉም ግን መዳፋቸው ተልጧል።

7. ማጠቃለያ

ያ ደረጃ ፈርሷል። ዓምዶቹ የት እንደ ደረሱ ለማወቅ ተመልሰን ስንሄድ ክምሩ ተነሥቶ ነበር። የብረቱ ደረጃ ጠንካራ ነው፤ ምስጥም አይበላውም፤ የቤቱ ባለቤት ቤታቸውን ማደሳቸው መብታቸው ነው። አሮጌ ነገር ሁሉ ይቀመጥ ማለታችንም አይደለም። ነገር ግን ከመፍረሱ በፊት ቢለካ፣ ቢሣልና ቢጠየቅ ኖሮ ሃያውም ዓምድ ያስተምረን ነበር። እኛ አንዱን ብቻ አተረፍን። እርሱም በክፍላችን መስኮት ላይ ቆሟል። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ ከምንም በፊት ጣቱን በቦዩ ውስጥ እንዲያስኬድ እናደርጋለን።

የሠሪውን ስም አናውቅም። ህንዳዊ ይሁን የመናዊ፣ ሶማሌ ይሁን ሐበሻ እንጨቱ አልነገረንም። መጋዙ ጥሩ ስለት እንደ ነበረው፣ ቀኝ እጁን እንደ ተጠቀመ፣ ከዓምዱ መካከል ሲደርስ ጥቂት እንደ ሳተና ወዲያው እንዳረመ ግን ከጭረቶቹ አንብበናል። ስለ ብዙ መሳፍንት ከምናውቀው ይህ አያንስም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ ያለ አንድ አሮጌ በር፣ መስኮት ወይም ደረጃ መርጣችሁ በስለት የተሠራውንና በመዞሪያ የተሠራውን ክፍል ለዩ። ምልክቶቹን ጻፉ።
2. ለእንጨት ሥራ መሣሪያዎች በአካባቢያችሁ የሚነገሩትን ስሞች ሰብስቡ። ከየትኛው ቋንቋ እንደ መጡ መምህራችሁን ጠይቁ።
3. ዲያሜትሩ 40 ሚሊ ሜትር፣ የአንዱ ዙር ከፍታ 80 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥምዝ የአንድ ዙር ቦይ ርዝመት ስንት ነው?
4. በሰፈራችሁ ካሉ አናጢዎች አንዱን ሙያቸውን ከማን እንደ ተማሩ ጠይቁና የሰማችሁትን በአንድ ገጽ ጻፉ። በገጹ ራስ ላይ ስማቸውን መጻፍ አትርሱ።